ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስንት?

ሰው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቪዛ ቀጠሮ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ያማርራል፤ ቢያማርርም ይገባዋል። እኔ ዛሬ የማማርረው ስለ ፎስፌት ነው። የሚሰማኝ ሰው አጥቻለሁ። ባለቤቴ «በቃ፣ ሰማሁ» ብላኛለች፤ የዕድሩ ሰዎች ገና «የአኳሪየሙ ውሃ...» ስል ወደ ቡናው ይነሳሉ። ሆኖም በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሳሎኖች ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም አስቀምጦ፣ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ትንሽ ብልቃጥ ወደ መብራት እያነሳ አንድ ዓይኑን የሚጨፍን ሐበሻ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ይህ እሮሮ የእኛ የጋራ ነው። ሌላው አንባቢ ጉዳችንን ሰምቶ ይታዘበን።

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ውሃው ውስጥ ስንት ፎስፌት አለ? ይኸው ነው። ማታ የተናገረውን ጠዋት የማይክድ አንድ ቁጥር ብቻ ስጡን ነው ያልነው።

ለማያውቀው ላስረዳ። ፎስፌት ገበሬው ዳፕ የሚባለውን ማዳበሪያ ሲገዛ የሚገዛው ነገር ነው፤ ያበቅላል። ከናይትሮጅን ጋር ተጋግዞ የጣናን እምቦጭ የሚያወፍረውም እሱ ነው። አኳሪየም ውስጥ ሲበዛ መስተዋቱም ድንጋዩም አልጌ ይለብሳል፤ ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳም አጥንቱን መገንባት ያቅተዋል። እንግዲያው ጠራርጎ ማውጣት ነዋ እንዳትሉኝ፤ ጨርሶ ሲጠፋም ሌላ መዓት ይመጣል። ኮራሉ ይነጣል፣ አሸዋው ላይ ቡናማ ንፍጥ ይጋደማል። ስለዚህ የጨው ውሃ አርቢዎች የተስማሙበት ልክ፣ ተስማምተው ከሆነ ማለት ነው፣ በሊትር ከ0.02 እስከ 0.1 ሚሊግራም ነው። ከፍተኛው ጣሪያ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ ነው እንግዲህ።

ይህ ልክ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በሒሳብ ላሳያችሁ። የእኔ ገንዳ 75 ጋሎን ይይዛል፤ 280 ሊትር ገደማ። ደረቅ የዓሣ ምግብ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ፎስፈረስ አለው። አንድ ግራም ምግብ ገብቶ፣ ማንም ሳይበላው ሁሉም ቢሟሟ ወደ 30 ሚሊግራም የሚጠጋ ፎስፌት ይወጣዋል። ለ280 ሊትር ሲካፈል 0.1 ሞላ። ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ አሁንም ርቧቸዋል» ብሎ ደግሞ የሚበትናት ምግብ ብቻዋን ከወለሉ እስከ ጣሪያው ታደርሰናለች ማለት ነው። በእርግጥ አንዷ ዓሣ ሁልጊዜ ይርባታል። ሐምራዊ ናት፣ ዝርያዋ የቀይ ባሕር ነው። የባሕር በር ጥያቄ በእኔ ቤት በ75 ጋሎን ተመልሷል፤ የቀረው የፎስፌቱ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ሁላችንም የምንገዛው በጠብታ የሚሠራውን፣ ባለ ቀለም ካርዱን ነው። ርካሽ ነው። ውሃ ትቀዳለህ፣ ጠብታ ትቆጥራለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ቀለሙን ከካርዱ ጋር ታስተያያለህ። በሰፊው ከሚሸጡት ካርዶች በአንዱ ላይ የመጀመሪያው ሳጥን ዜሮ፣ ሁለተኛው 0.25 ነው፤ ከዚያ 0.5፣ 1፣ 2 እያለ እስከ 10 ይወጣል። የእኛ ጣሪያ ደግሞ 0.1 ነው አልኩ። የምንጨነቅበት ነገር በሙሉ፣ የኮራሉ ሞትና ሽረት፣ ያለው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሳጥን መካከል ባለችው ነጭ ወረቀት ላይ ነው። እዚያ ላይ ምንም አልታተመም።

ቀለሙስ ቢሆን? ባለቤቴ «ሰማያዊ ነገር አለው» ትላለች። ትልቋ ልጄ «አረንጓዴ ነው» ትላለች። ለእኔ የሚታየኝ ውሃ ብቻ ነው። በወጥ ቤቱ ቢጫ አምፖል ሥር አንድ ቀለም ነው፣ በመስኮት ብርሃን ሌላ፣ ከአኳሪየሙ መብራት አጠገብ ደግሞ እጄም ፊቴም ሰማያዊ ነው። ይህ መለካት አይደለም፣ ስኒ ማንበብ ነው። ስኒ አንባቢዋ እንኳ ቢያንስ ቁርጥ አድርጋ «መንገድ ይታየኛል» ትላለች።

ከዚያ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ዲጂታሏ ትገዛለች። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ በአንድ ባትሪ የምትሠራ፣ ከ50 ዶላር በላይ የምታስወጣ መሣሪያ። ካርድ የለ፣ የቤተሰብ ክርክር የለ። ብርሃን በውሃው ውስጥ ታሳልፋለች፣ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ትለካለች፣ 0.03 ትላለች። ባለቤቴም «እሰይ፣ ተገላገልን» አለች። ወዲያው ሲደገም መሣሪያዋ 0.07 አለች። ከአንድ ገንዳ፣ ከአንድ ብርጭቆ፣ በአንድ ሌሊት።

ዘዴውን አልሰድብም። መርፊና ራይሊ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1962 ያሳተሙት የተከበረ ዘዴ ነው። በአሲድ ውስጥ ሞሊብዴት ከፎስፌቱ ጋር ይጣመራል፤ ጥቂት አንቲሞኒ ያፋጥነዋል፤ አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ያው ለጉንፋን የምንጠጣው ቫይታሚን ሲ፣ ሰማያዊ ያደርገዋል። ፎስፌቱ በበዛ ቁጥር ሰማያዊው ይጠቁራል። የባሕር ተመራማሪዎችም፣ የውሃ ላብራቶሪዎችም እስከ ዛሬ በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ። ልዩነቱ እነሱ ቀለሙን የሚመለከቱት ይበልጥ ጎልቶ በሚወጣበት በ880 ናኖሜትር፣ ለዓይን በማይታይ ብርሃን መሆኑ ነው። በየቤታችን ያሉት ታዋቂዎቹ የኪስ መለኪያዎች ግን በ525 ናኖሜትር፣ በአረንጓዴ ብርሃን ነው የሚያዩት። እዚያ ላይ ያ ሰማያዊ ደካማ ነው። በ0.03 አካባቢ መሣሪያዋ የምታየው ጥላ አንድ የጣት አሻራ ከሚጥለው ጥላ ብዙም አይሻልም።

ይህን ደግሞ አልደበቁትም። የመመሪያው ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ከባትሪ አቀያየሩ በታች፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ የመሣሪያዋ ስህተት ወደ ላይም ወደ ታችም 0.02፣ በዚያ ላይ ከተነበበው ቁጥር 5 በመቶ። እንግዲህ አስሉት። 0.03 ስትል 0.01ም ሊሆን ይችላል፣ 0.05ም ሊሆን ይችላል። ይህ አሻራና አረፋ ሳይጨመር ነው፤ ሁሉ ነገር በወጉ ተሠርቶ። እኛ ግን እሑድ 0.03፣ ረቡዕ 0.05 ስናይ «እየጨመረ ነው!» ብለን እንነሳለን። አንዱ ማጣሪያው ውስጥ ፎስፌት የሚይዝ የብረት ኦክሳይድ ጠጠር ይሞላል፤ አንዱ ለዚሁ ሥራ ላንታነም ክሎራይድ ያንጠባጥባል፤ አንዱ ዓሦቹን ያስጾማል። ውሃው ምንም አልሆነም ነበር።

አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ መከራው ያለው እዚያ ነው። 10 ሚሊሊትር ውሃ በብልቃጧ ይቀዳል፣ ልክ እስከ መስመሯ። ከውጭ ትወለወላለች፣ መሣሪያዋ ውስጥ ትገባለች፣ ቁልፉ ይጫናል፣ መሣሪያዋ ዜሮዋን ትይዛለች። ብልቃጧ ወጥታ እነዚያን ኬሚካሎች የያዘው ዱቄት ይጨመራል። ዱቄቱ ያለው በትንሽ የፎይል ከረጢት ነው። በመቀስ ይቆረጣል፣ አፉ ይታጠፋል፣ በጠባቡ የብልቃጥ አንገት ይራገፋል። ከፊሉ ከረጢቱ ጥግ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጥቂቱ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። የተጣበቀውን በጣት መታ መታ ስታደርግ ሌላም ይፈስሳል። ያ ዱቄት ለአንድ ልኬት ተመጥኖ የታሸገ ነው፤ ምን ያህሉ ገባ፣ ምን ያህሉ ቀረ፣ እግዜር ይወቅ።

ቀጥሎ መመሪያው «በቀስታ ለሁለት ደቂቃ ነቅንቅ» ይላል። በቀስታ ከነቀነቅከው ዱቄቱ አይሟሟም። አጥብቀህ ከነቀነቅከው አረፋ ይሠራል። ያልሟሟ ዱቄት ብርሃን ይጋርዳል፣ አረፋም ብርሃን ይበትናል፤ መሣሪያዋ ደግሞ ዱቄቱንም አረፋውንም ከፎስፌት አትለይም፣ ብርሃን ጎደለ ወይስ አልጎደለም ነው የእሷ ጉዳይ። ከዚያ የሦስት ደቂቃ ጥበቃ ይመጣል። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ስልክ ይደወላል። ይደወላል ካልኳችሁ ይደወላል፤ ከአገር ቤት ነው፣ አለማንሳት አይቻልም። «ሃሎ፣ ይሰማል? ድምፅህ ይቆራረጣል» እስኪባል ሰዓቱ ያልፋል። ቀድመህ ካነበብክ ቀለሙ አልደረሰም፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ እንዲያውም ይዘገያል። አሳልፈህ ካነበብክ ያ ቁጥር መመሪያው የሚያውቀው ቁጥር አይደለም። በጣም ካዘገየሃት ደግሞ መሣሪያዋ ባትሪ ለመቆጠብ ብላ ራሷን ታጠፋለች፤ የያዘችውን ዜሮም አብራ ትረሳለች፤ ያንን ከረጢት ጣለው።

ብልቃጦቹ ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። እንዲደርቁ ዕቃ ማጠቢያው ጎን ከተደረደሩ አማቴ እማማ ሳያጥቧቸው አያልፉም፤ በሳሙናና በሚፍቅ ስፖንጅ። «ልጄ፣ መድኃኒት ነገር ነበረባቸው፣ አጸዳሁልህ» ይሉኛል። ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ነው የሚባለው። ስፖንጁ የጫረው ብልቃጥ ከዚያ በኋላ በየትኛው ጎኑ እንደገባ እየታየ ቁጥር ይሰጣል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር አንድ፣ ወደ ግራ ሲዞር ሌላ።

አሁን ወደ ራሳችን አካባቢ ልምጣ፤ የዋሽንግተን ነገር ለብቻው ነውና። በ2000 መገባደጃ የከተማዋ ውሃ የሚታከምበት ክሎሪን በክሎራሚን ተተካ። ከዚህ በኋላ የድሮዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች እርሳሳቸውን ወደ ውሃው ይለቁ ጀመር። ነገሩ በ2004 መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ተደናገጠ። መድኃኒቱ ምን ሆኖ ተገኘ? ፎስፌት! በዚያው ዓመት ኦርቶፎስፌት ወደ ውሃው ይጨመር ጀመር፤ ከእርሳሱ ጋር ተጣምሮ የቧንቧውን ውስጥ ይለብጣል፣ እርሳሱንም እዚያው ያፍነዋል። መልካም ሥራ ነው፤ ልጆቻችን የሚጠጡት ውሃ ነው፣ አንድም ቃል አልተነፍስም። በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ዳርቻዎችም ለዚሁ ለቧንቧ ሲባል ፎስፌት ይጨመራል። ሰው አይጎዳም። አኳሪየም ላለው ግን ከዋሽንግተን ቧንቧ የሚቀዳው ውሃ በሊትር ከ2 ሚሊግራም በላይ ፎስፌት ይዞ ይመጣል። ይህ የጣሪያችን ሃያ እጥፍ ነው።

ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ያልተጣራ ውሃ ገንዳው ውስጥ አይገባም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ማንም የማይነግርህ ብልቃጥ ስለማለቅለቁ ነው። አንዲት የቧንቧ ውሃ ጠብታ የሚሊሊትር ሃያኛ ያህል ናት። በሊትር 2 ሚሊግራም የያዘች ጠብታ 10 ሚሊሊትር ውስጥ ስትወድቅ 0.01 ትጨምራለች። ብልቃጧን በቧንቧ አለቅልቀህ፣ ደፍተህ፣ ሦስት ጠብታ ታችዋ ላይ ቢቀር 0.03 ተነበበ ማለት ነው፤ ገንዳው ውስጥ ምንም ባይኖር እንኳ። ስንት ሰው ይሆን የቧንቧውን ውሃ እየለካ ኮራሉን ሲያክም የኖረው?

ደግሞ የአገሩን አሠራር እዩልኝ። በ2010 ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ 16 ግዛቶች የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሳሙና ውስጥ የሚገባውን ፎስፌት የለም እስከሚባል ድረስ አሳነሱት፤ እንደ ቼሳፒክ ያሉ ውሃዎች በአልጌ እንዳይታፈኑ። በሌላ በኩል እርሳስ እንዳንጠጣ ብለው ፎስፌት በቧንቧ ይልኩልናል። የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያው ደግሞ ወደ ፖቶማክ ከመልቀቁ በፊት ያንኑ ፎስፌት መልሶ ይለቅመዋል። ከሳሙና ይወጣል፣ ወደ ቧንቧ ይገባል፣ ከፍሳሽ ይወጣል። ሦስቱም በየምክንያታቸው ትክክል ናቸው፤ ጥፋተኛ ላገኝላቸው አልቻልኩም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

እሺ፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ወጣ እንበል። የምን ቁጥር ነው? ባልንጀራዬ ይደውላል። «ስንት ወጣልህ?» እለዋለሁ። «13» ይለኛል። «ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስንት?» እላለሁ። «ዜሮ ነጥብ የለውም፣ 13 ነው።» የእሱ መሣሪያ የእኔዋ እህት ናት፤ ግን ፎስፌትን ሳይሆን ፎስፈረስን፣ በሊትር በሚሊግራም (በፒፒኤም) ሳይሆን በዚያ ሺህኛ (በፒፒቢ) ትናገራለች። ወደ እኔው ቋንቋ ለማምጣት በ3.07 ይባዛል፣ ለ1000 ይካፈላል፤ 0.04 ገደማ ነው። ሁለት መሣሪያ፣ ሣጥናቸው አንድ ዓይነት፣ ዋጋቸው ተቀራራቢ፤ ቁጥራቸው ግን ያለ ካልኩሌተር አይገናኝም። ግማሹ ሰው ይህን ማባዛት ይረሳዋል። ግማሹ ደግሞ በፎስፌት የተነገረውን እንደገና ያባዛዋል። ከዚያ በኋላ «የእኔ 0.12 ሆኖ ኮራሉ አማረበት» እየተባባልን እንመካከራለን።

በነገራችን ላይ ይህ የሒሳብ ጣጣ የአኳሪየም ሰዎች ፈጠራ አይደለም። አገር ቤት የዳፕ ከረጢት ላይ 46 የሚለው ቁጥር ፎስፈረስም አይደለም፣ እኛ የምንለው ፎስፌትም አይደለም። ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ በሚባል ሦስተኛ ስሌት የተነገረ ነው፤ ንጹሕ ፎስፈረሱ 20 በመቶ ያህል ነው። የገበሬው ማዳበሪያ በአንድ ስሌት፣ የባልንጀራዬ መሣሪያ በሌላ፣ የእኔ ብልቃጥ በሦስተኛ።

መለኪያው የሚያየው ደግሞ ሁሉንም አይደለም። ነጻ የሆነውን ኦርቶፎስፌት ብቻ ነው የሚቆጥረው። በምግብ ፍርፋሪ፣ በዓሣ ኩስ፣ በረቂቅ ሕዋሳት ሰውነት ውስጥ የታሰረው ፎስፈረስ አይታየውም፤ ነገ ፈርሶ ፎስፌት የሚሆነው ግን እሱ ነው። በአንጻሩ ሲሊኬት የሚባለው ከአሸዋና ከቧንቧ የሚመጣ ነገር አሲዱ ልኩን ካልጠበቀ ያንኑ ሰማያዊ ቀለም ይሠራል። ያለውን ያልፈዋል፣ የሌለውን ይቆጥረዋል።

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ዜሮው ነው። መስተዋቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ድንጋዩ ጸጉር አብቅሏል፣ መሣሪያዋ 0.00 ትላለች። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ፎስፌቱን አልጌው በልቶታል። እየበላ ነው የሚያድገው፤ ውሃው ውስጥ የሚተርፍ የለም። በዚያ ላይ የገንዳው ድንጋይና አሸዋ ኖራ ነው፤ ፎስፌት ሲበዛ ይይዛል፣ ሲያንስ ይለቃል። ውሃውን በብረት ጠጠር አጽድተህ ደስ ሲልህ ድንጋዩ ከጎተራው አውጥቶ ይመልስልሃል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት። ያኔ መሣሪያዋ ላይ ያለው ዜሮ «የለም» ማለት አይደለም፤ «አላየሁም» ማለት ነው። ማያዋ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው።

ሱቅ ወስደህ በነጻ አስለካው የሚሉ አሉ። አንዱ ሱቅ «ከፍ ብሏል» ብሎ የሚቀንስ ነገር ይሸጣል። ሌላው ያንኑ ውሃ በወረቀት ቁራጭ ነክሮ «የለውም» ብሎ የሚጨምር ነገር ይሸጣል። ሁለቱም ፈገግታቸው ጥሩ ነው።

ወደ ላብራቶሪ በፖስታ መላክም አለ፤ አይሲፒ ይሉታል፣ ውሃውን በፕላዝማ እሳት ውስጥ እየረጨ ንጥረ ነገሮቹን ይቆጥራል። ለብረቶች ግሩም ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን የሚቆጥረው ጠቅላላውን ፎስፈረስ ነው፣ የታሰረውንም የተፈታውንም፤ ከዚያ ሁሉንም እንደ ፎስፌት አባዝቶ ይልክልሃል። ከእጅ መለኪያዋ ጋር ቢለያይ ማንም አልዋሸም። መልሱ ሲመጣ ደግሞ የባለፈው ሳምንት ውሃ መልስ ነው።

የቆዩት አርቢዎች «ቁጥሩን ተወው፣ አዝማሚያውን እይ» ይላሉ። ግማሹን እስማማለሁ። ከ0.05 ወደ 0.30 ከሄደ መሣሪያዋም አትሳሳትም፣ ያ እውነተኛ ለውጥ ነው። ግን በ0.02 እና በ0.06 መካከል የሚወዛወዝ መስመር ስሎ «ይኸው አዝማሚያ» ማለት ስህተቱን በወረቀት ላይ መሳል ነው። መሣሪያዋን መፈተንስ? ልኩ የታወቀ ፈሳሽ ገዝቶ ማስነበብ ይቻላል፤ ትክክለኛው መንገድም እሱ ነው። ፈሳሹ ግን ለብቻው ይሸጣል። ከመሣሪያዋ ጋር የሚስማማ ተብሎ የሚሸጠው የታሸገ ብልቃጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈትነው ዓይኗን ብቻ ነው፤ ዱቄቱ ተበላሽቶ ከሆነ አይነግርህም። ሌላው ዘዴ የገንዳውን ውሃ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅሎ ግማሽ መውጣቱን ማየት ነው። 0.04 የነበረው 0.02 መሆን አለበት። 0.02 ደግሞ የመሣሪያዋ ስህተት ራሱ ነው። ኧረ ወዴት ይኬዳል!

መሣሪያው ለምን ርካሽ ሆነ ብዬ አይደለም የማለቅሰው። በዚህ ዋጋ ይህን ያህል ማየቷም ትልቅ ነገር ነው። ጥፋቱ ያለው ማያው ላይ ነው። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ በጥቁር ፊደል ቁጭ ሲል ሰው ያምናል። 0.03 ከሚል «ከ0.01 እስከ 0.05» ቢል ኖሮ ማናችንም በሌሊት ጠጠር ለማጠብ አንነሳም ነበር። መሣሪያዋ የማታውቀውን እንደምታውቅ ሆና ትናገራለች፤ እኛም በዚያ ላይ ሕይወት ባለው ነገር እንፈርዳለን።

ስለዚህ እናንተ እነዚህን ነገሮች የምትሠሩ ሰዎች፣ ከሰማችሁን፦ ስህተቱን ከመመሪያው ጀርባ አውጡና ሣጥኑ ፊት ላይ ጻፉት። ፎስፌት ይሁን ፎስፈረስ መሣሪያዋ ራሷ ላይ፣ ከቁጥሩ አጠገብ ይታይ፤ አንዱን መርጣችሁ ብትስማሙበት ደግሞ ምርቃታችን አይለያችሁ። ልኩ የታወቀ አንዲት ብልቃጥ ፈሳሽ ከሣጥኑ ጋር አብራ ትምጣ፤ ዋጋዋን ከእኛው ላይ ውሰዱ፣ እንከፍላለን። ዱቄቱ ብልቃጧ ውስጥ ሳይባክን የሚገባበት አንድ ዘዴ ፈልጉ። የዱቄቱ ማብቂያ ቀንም ከረጢቱ ጫፍ ላይ ያለ ቀለም ተጨፍልቆ ከሚቀር፣ በዕድሜ የገፋን ሰዎች ያለ አጉሊ መነጽር በምናነበው ፊደል ይታተምልን።